በሰው አገር ለማገልገል የሄደ ሰው የመጀመሪያ ቀኑ

እግዚአብሔርንና ሰውን ለማገልገል ብሎ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሰው አገር ለሚሄድ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ቀን ሥራው መማር ነው። ማስተማርም፣ መስጠትም፣ መገንባትም በኋላ ይደርሳሉ። አስቀድሞ ግን የአገሩን ሰላምታ ይማር፤ የሰዎቹን ስም ይወቅ፤ የሚያስፈልጋቸውንም ከራሳቸው አፍ ይስማ። ይህን ቀን ዘሎ ወደ ሥራ የሚሮጥ አገልጋይ፣ ልቡ የቀና ቢሆንም እንኳ፣ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጐዳው ሊበዛ ይችላል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ተርተዋል። ሻሽ ጠምጥሞ ሊቅ መስሎ ከመታየት በፊት ፊደል መቍጠር ይገባል ማለት ነው። ይህ ተረት ለካህናት ልጆች ተነገረ እንጂ፣ በጎ ፈቃድ ይዞ ባሕር ለሚሻገር ሁሉ ምክር ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን ወንጌልን ይዞ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በሸራ መርከብ ብዙ ወራት በባሕር ላይ ይቈይ ነበር። ዊልያም ኬሪ የሚባለው እንግሊዛዊ አስቀድሞ ጫማ ሰፊ ነበረ። እርሱም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1793 ዓመት ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ አምስት ወር ያህል በባሕር ላይ ቈይቶ፣ በህንድ አገር ወደ ቤንጋል ደረሰ። በመርከቡም ላይ ሳለ፣ ያን አገር አስቀድሞ ከሚያውቅ ባልንጀራው ዘንድ የቤንጋሊን ቋንቋ መማር ጀመረ። ከደረሰም በኋላ ራም ራም ባሱ የሚባል የአገሩ ሊቅ ቋንቋውን አስተማረው። በስብከቱ አምኖ የተጠመቀ የመጀመሪያው ህንዳዊ የተገኘው ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1800 ዓመት መጨረሻ ነው። በሚከተለውም ዓመት አዲስ ኪዳን በቤንጋሊ ቋንቋ ታተመ። ለኬሪ መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ሆነለት፤ እግሩ መሬት ሳይረግጥ ጆሮው አገሩን መስማት ጀምሮ ነበርና።

በዛሬው ዘመን ግን አውሮፕላን ሰውን በአንድ ሌሊት ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ያደርሰዋል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከኮሪያ ብዙ ወጣቶች ደመወዝ ሳይቀበሉ ለማገልገል ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይሄዳሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሚቈዩት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ማታ በአገራቸው እራት የበሉ፣ በማግሥቱ በማያውቁት መንደር ቆመው ይገኛሉ። የመንገዱ ማጠር መልካም ነገር ነው፤ ዳሩ ግን የመማሪያውም ጊዜ ከመንገዱ ጋር አጠረ። ኬሪ በአምስት ወር የጀመረውን ትምህርት አውሮፕላን በአንድ ሌሊት ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ለዛሬው መንገደኛ የመጀመሪያው ቀን ከቀድሞው ዘመን ይልቅ እጅግ የከበረ ሆኗል፤ በጥንቃቄም ሊያሳልፈው ይገባዋል።

የዚህም ትምህርት መነሻ ራሱ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እርሱ ዓለምን ለማዳን መጥቶ ሳለ፣ ወደ 30 ዓመት እስኪሆነው ድረስ በናዝሬት በጸጥታ ኖረ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለም በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማና ይጠይቅ ነበር። ወደ ሰማርያ በሄደ ጊዜ ደግሞ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ደክሞት ተቀምጦ፣ ልትቀዳ የመጣችውን ሴት አስቀድሞ ውኃ ለመናት። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሕይወት ውኃ የነገራት። ሊሰጥ የመጣው ጌታ አስቀድሞ ለመነ። ለምን? ሰው ምንም የሚሰጠው ነገር እንደሌለው ተቈጥሮ ስጦታ ሲቀበል፣ እጁ ቢሞላም ልቡ ይዋረዳል። አስቀድሞ እርሱ ራሱ ሰጥቶ እንደ ሆነ ግን፣ በኋላ የሚቀበለውን በክብር ይቀበላል። ሰባዎቹንም ደቀ መዛሙርት በላካቸው ጊዜ ኮረጆና ስልቻ እንዳይዙ፣ የሚቀርብላቸውንም እንዲበሉ አዘዛቸው። ባዶ እጁን የሄደ ሰው ያስተናጋጁን ቤት ማክበር ግድ ይሆንበታልና።

ይህ ሥርዓት ሲፈርስ የሚመጣውን ጕዳት ማየት አያስቸግርም። አሥር ወጣቶች ለአንድ መንደር የትምህርት ቤት ግንብ እንሠራለን ብለው መጡ እንበል። ከእነርሱ አንዱም ድንጋይ ጠርቦ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማንንም ሳይጠይቁ ድንጋይ መደርደር ይጀምራሉ። በዚያው መንደር ሃያ ዓመት ግንብ ሲሠራ የኖረ ግንበኛ ግን እጁን አጣጥፎ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያያቸዋል። ግንቡ ጠማማ ይሆናል፤ ግንበኛው ደግሞ የቀን ዋጋውን ያጣል፤ ልጆቹም አባታቸው በገዛ መንደሩ እንደማይፈለግ ያያሉ። እንግዶቹ ግን በጎ እንደ ሠሩ አስበው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። እነዚያው ወጣቶች በመጀመሪያው ቀን ወደ ግንበኛው ቀርበው፣ እጅ ነሥተው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያስተምሩን፤ እኛ ድንጋይ እናቀብልዎ፤ ጭቃም እናቡካልዎ» ብለውት ቢሆን ኖሮ ግንቡ ይቀና፣ ግንበኛውም ይከበር፣ እነርሱም አንድ የእጅ ጥበብ ተምረው ይመለሱ ነበር። በጎ ፈቃዱ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ጠዋት የተጠየቀ አንድ ጥያቄ ነው።

ሌላም አለ። እንግዳው ገና ከመኪና ሲወርድ ለልጆች ከረሜላ ቢበትን፣ ልጆች በማግሥቱ እጅ መዘርጋት ይለምዳሉ፤ በእንግዳው ፊትም ሰላምታን ትተው ልመናን ያስቀድማሉ። የእናቱን ስም ሳይጠይቅ የተራቈተውን ሕፃን ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ የአንዱን ቤት ችግር ወስዶ ለሌላው ማሳያ ያደርጋል። ስለዚህ ለአገልጋይ ይህ ትንሽ ሕግ ይጠቅመዋል፤ ስሙን ያላወቀውን ሰው ሥዕሉን አይውሰድ፤ አባትና እናቱን ሳይጠይቅም ለልጅ ስጦታ አይስጥ።

አዋቂ የሆነ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ቀን ተማሪ እንደሚሆን የሐኪሙ የአልበርት ሽቫይጸር ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሰው በአልዛስ አገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1875 ዓመት ተወለደ። በወጣትነቱ የሃይማኖት ትምህርትና የፍልስፍና ሊቅ ሆነ፤ ኦርጋን በመምታትም ስሙ ታውቆ ነበር። በ30 ዓመቱ ግን በአፍሪካ ሕሙማንን ለማገልገል ቈርጦ፣ እንደ ገና ከተማሪዎች ጋር ተቀምጦ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። የፓሪስ ሚሲዮን ማኅበር በአንዳንድ የሃይማኖት አሳቡ ስለ ተጠራጠረ፣ እንዳይሰብክ ቃል አስገብቶ በሐኪምነት ብቻ ተቀበለው። በ1913 ዓመት በሚያዝያ ወር ከሚስቱ ጋር በኦጎዌ ወንዝ በመርከብ ተጕዞ፣ ዛሬ ጋቦን በምትባለው አገር ወደ ላምባሬኔ ደረሰ።

በደረሰም ጊዜ የተዘጋጀ ሐኪም ቤት አልቈየውም። ሊሠራለት የታሰበው የቆርቆሮ ቤት ሠራተኛ በመታጣቱ ሳይሠራ ቀርቶ ነበር፤ አብዛኛው መድኃኒቱም ገና አልደረሰም። ሕሙማን ግን የሐኪሙን መምጣት ሰምተው ወዲያው ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ በቤቱ ፊት በሜዳ ላይ አከማቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን ሁሉ አንሥቶ መሸሽ ሆነበት። ከዚህ በኋላ የዶሮ ቤት የነበረውን አጽድቶ ሐኪም ቤት አደረገው። ከሁሉ የበለጠ የጐደለው ግን ቋንቋ ነበረ። ያን ያህል መጽሐፍ ያነበበ ሊቅ፣ በሽተኛውን «ምንህን ያምሃል?» ብሎ መጠየቅ አልቻለም። እንደሚመጣለት ተስፋ የተሰጠውም አስተርጓሚ አልመጣም።

ኋላም ከሕሙማኑ መካከል ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ዮሴፍ የሚባል ሰው አገኘ። ዮሴፍ ቀድሞ ወጥ ቤት ነበረ። ስለዚህ የሰውን አካል በሥጋ ብልት ስም እየጠራ፣ ጭኑን የታመመውን ሰው የበግ ታፋ እንደሚያመው አድርጎ ለሐኪሙ ይተረጕምለት ነበር። ተማሪዎች በዚህ ይስቁ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ የዶሮ ቤት ውስጥ ረጂው ማን ነበረ? ተረጂውስ ማን ነበረ? ሐኪሙ ለሕሙማኑ ዕውቀቱን ሰጠ፤ ዮሴፍ ደግሞ ለሐኪሙ አንደበትና ጆሮ ሰጠው። ከሁለቱ አንዱ ባይኖር በሽተኛው ሳይድን ይመለስ ነበር።

የዚህ ሰው ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ሽቫይጸር በ1965 ዓመት እስኪሞት ድረስ ከዕድሜው ብዙውን በላምባሬኔ አሳለፈ፤ የ1952 ዓመትም የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ዳሩ ግን ስለ አፍሪካውያን በጻፈው፣ ወንድማቸው ቢሆንም ታላቅ ወንድማቸው እንደ ሆነ ተናገረ። በዚህም ነገር ኋላ ብዙ ሰዎች ነቀፉት፤ ነቀፋውም በእውነት የተገባ ነው። የሰው ቍስል ማጠብ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያጠበው ከታጠበው ይበልጣል የሚል ሕግ በወንጌል የለም። ጌታም የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ታላቅነትን ሊያስተምራቸው ሳይሆን ዝቅ ማለትን ሊያስተምራቸው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ትሕትና እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ሊጠበቅ ይገባል።

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይመልስ ይሆናል፤ «የተራበ እየጮኸ፣ የታመመ እያቃሰተ፣ አገልጋዩ ቁጭ ብሎ ሰላምታ ይማራልን? ጊዜውም ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ አንዱን ቀን ማባከን አይሆንምን?» ይህ ነገር ሊናቅ አይገባውም። ቍስል ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሽቫይጸርም ቤት እስኪሠራለት ድረስ ሕሙማኑን አላስጠበቃቸውም። ነገር ግን ችኰላው ራሱ መጠየቅን የበለጠ ያስፈልገዋል። በሽተኛው ምን እንደሚያመው ሳይጠየቅ የተሰጠ መድኃኒት መርዝ ሊሆን ይችላል። የውኃው መንገድ ከሽማግሎች ሳይጠየቅ የተቈፈረ ጕድጓድም በበጋ ሊደርቅ ይችላል። ጊዜው አጭር ለሆነ ሰው ከሁሉ የሚከፋው ብክነት ሥራውን አፍርሶ እንደ ገና መጀመር ነው። ተረቱም «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤ በችኰላ የተያዘ እንቍላል ግን ጫጩት ሳይሆን ይሰበራል።

የቤልጅግ ሰው የነበረው ካህኑ ዳሚየን ይህን በሥራው አሳይቷል። እርሱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1864 ዓመት ወደ ሐዋይ ደሴቶች ደረሰ። በዚያም ዘጠኝ ዓመት እየኖረ የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ ተማረ። በዚያ ዘመን በሥጋ ደዌ የታመሙ ሰዎች በግድ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በሞሎካይ ደሴት ይኖሩ ነበር። በ1873 ዓመት በግንቦት ወር ዳሚየን በገዛ ፈቃዱ ወደ እነርሱ ሄደ። በመጀመሪያ ጊዜ ማደሪያ ቤት ስላልነበረው ከዛፍ ሥር ተኛ። ሌሎች ሰዎች የሚሸሹአቸውን ቀርቦ በቋንቋቸው ተነጋገራቸው፤ ከእነርሱም ጋር ከአንድ ገበታ በላ። ከዚያ በኋላ ነው ቤትና ቤተ ክርስቲያን መሥራት፣ ሙታንንም በክብር መቅበር የተከተለው። በመጨረሻም በሽታው ራሱን ይዞት በ1889 ዓመት ከእነርሱ ጋር ሳለ ሞተ። የሞሎካይ የመጀመሪያ ቀኑ ያማረው ከዚያ በፊት በነበሩት ዘጠኝ የትምህርት ዓመታት ነው።

የኢትዮጵያም ታሪክ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ ገና ልጅ ሳለ፣ መርከባቸው ተዘርፎ ከወንድሙ ጋር ተማርኮ ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ተወሰደ። በመጀመሪያው ቀን ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ምንም ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም ምሕረትን የተቀበለ እርሱ ነው። በንጉሡ ቤት አገልግሎ፣ የአገሩን ሰው አውቆ ከኖረ በኋላ፣ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከሊቀ ጳጳሱ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብላ ትጠራዋለች። ብርሃን ገላጭ የተባለው ያ ሰው አስቀድሞ የሰው አገር እንጀራ የበላ እንግዳ ልጅ ነበረ።

ከብዙ ዘመን በኋላም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1866 ዓመት የስዊድን ወንጌላውያን ወደ ምጽዋ መጡ። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ለብዙ ዓመት ተዘጋባቸው። ከዚህ ይልቅ ከባርነት ነፃ የወጡትን ልጆች ተቀብለው አስተማሩ። ከእነዚህም አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ አንዲቱም አስቴር ጋኖ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮሞ ቋንቋ ያሰናዳው ኦኔሲሞስ ነው፤ አስቴርም የቋንቋውን ቃላት እየሰበሰበች በሥራው ረዳችው። መጽሐፉም በ1899 ዓመት ታተመ። ከስዊድን የመጡት እንግዶች ያላወቁትን ምሥጢር የሚያውቁ እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፤ የእናታቸው ቋንቋ ነበረና። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ጠቢብ እንግዳ የአገሩን በሬ ፈልጎ ያገኛል፤ ሞኝ እንግዳ ግን ሰርዶውን በእጁ ልንቀል ብሎ ጣቱን ይቈርጣል።

ልጆች ሆይ፣ ይህ ነገር ባሕር ተሻግሮ ለሚመጣው ብቻ የተጻፈ አይምሰላችሁ። ወደ ትምህርት ቤታችሁ ሊያገለግል የመጣ እንግዳ ባያችሁ ጊዜ የእናንተም ሥራ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ቆማችሁ ሰላምታ ስጡት፤ ስማችሁን ንገሩት፤ ስሙንም ጠይቁት። ቃል ቢሳሳት አትሳቁበት፤ ቀስ ብላችሁ አርሙት። እጃችሁን ለልመና አትዘርጉ፤ ይልቁንም የመንገዱን አቧራ የሚታጠብበት ውኃ አቅርቡለት። የማያስፈልጋችሁን ነገር ሲሰጣችሁ ደግሞ እርሱን ለማስደሰት ብላችሁ አትዋሹ፤ የሚያስፈልጋችሁን በትሕትና አስረዱት። እግዚአብሔር ከእንግዳው ጋር በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የመጣ አይደለም፤ እንግዳው ሳይመጣም በመንደራችሁ ነበረ። ስለዚህ እናንተም ለእንግዳው የምትሰጡት ብዙ ነገር አላችሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እውነተኛ ቃል ነው።

ከእናንተም መካከል አንዳንዶቹ አድገው አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ወይም ሰባኪ ሆነው ወደ ሌላ አውራጃ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዱ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ሻንጣቸው በመጻሕፍትና በመድኃኒት የተሞላ፣ ልባቸውም በተስፋ የጋለ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ሲመጣ ግን ሻንጣውን ከመክፈት በፊት ጆሮአቸውን ይክፈቱ። አንዲት አሮጊት እንሥራ ተሸክማ ሲያዩ፣ ንግግር ከመጀመር ይልቅ እንሥራዋን ይቀበሏት፤ መንገዱን እርሷ ታሳያቸዋለች። ማታም ሲጸልዩ «ዛሬ ምን ሰጠሁ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ከማን ምን ተማርኩ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ።

ለዚህ ጥያቄ የአንድ ሰው ስም ጠርቶ፣ የተማረውንም ነገር ቈጥሮ መመለስ የሚችል አገልጋይ፣ ምንም ግንብ ባያቆም፣ ምንም ስብከት ባይሰብክ፣ የመጀመሪያ ቀን ሥራውን ፈጽሟል። በሁለተኛው ቀን ሥራ ሲሰጠው የሚያሠራው ሰው አያጣም፤ የመንደሩ ሰዎች ስሙን አውቀው ይጠሩታልና።